መኪናዋን የገዛን ዕለት ስለካድሁሽ

ለባለቤቴ ለትርንጎ፣

መሪጌታ ልሳነ ወርቅ ብዕራቸውን ቀለም አስነክተው «ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል ብዬ ልጀምር?» አሉኝ። ተዉት አልኋቸው። አንቺ ያለሽበት አገር ጤና አይጎድልበትም፤ ጤና የምንጠየቀው እዚህ የቀረነው ነን። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ዳገት ስወጣ ይለምነኛል፣ ስወርድ ይሰድበኛል።

ከተለየሽኝ የፊታችን ቅዳሜ ዓመት ይሞላሻል። ዳሱ እየተጣለ ነው፣ ጠላው ተጠንስሷል። ልጃችን ሙሉ ከወገዳ ከነልጆቿ መጥታ ቤቱን ይዛዋለች፤ ተነሡ ልጥረግ፣ ተነሡ ልደልድል እያለች ከመደብ ወደ መደብ ታዞረኛለች። ገብሱ ዘንድሮ ደግ ነው፣ ከላይኛው ማሳ በቀር፤ እሱን በረዶ መታው። ቡሬ ላምሽ ወልዳለች። ሙሉ ስታልባት ዝም ትላለች፣ እኔ ባጠገቧ ሳልፍ ግን ትራገጣለች። አንድ ነገር ሳትነግሪያት አልቀረሽም።

መሪጌታን ያስቀመጥኋቸው ግን ይህን ላስጽፋቸው አይደለም። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ በዚህ አፍሬ አላውቅም። ፊደል የቆጠረ ሁሉ በቅሎ መምረጥ አይችልም። ያፈርሁበት ሌላ ነው። ይህ ደብዳቤ ቅዳሜ ሰው በልቶ ሲያበቃ በዳሱ ውስጥ ይነበባል። ስለዚህ አንቺ የምታውቂውንም እንደ አዲስ እተርከዋለሁ፤ የሚሰማው ሰው አያውቀውምና፣ ታገሽኝ። ስትታገሽኝ ነው የኖርሽ።

ከንግዳችን ልጀምር።

እኔ የበቅሎ ነጋዴ ነበርሁ። ከወገዳና ከጋይንት ገበያ እየገዛሁ ደብረ ታቦር እሸጥ ነበር። «ደምሌ በቅሎዋን አይቶ የእናቷን ጠባይ ይናገራል» ይሉኝ ነበር። እውነት ነው፣ ዓይን ነበረኝ። ዋጋ በመስበር ግን አንቺን አልደርስብሽም። ይህን በሕይወት ሳለሽ ለአንድም ሰው ተናግሬ አላውቅም።

ሥራችን እንዲህ ነበር። ባልና ሚስት መሆናችን በማይታወቅበት ገበያ እኔ በላይ በኩል፣ አንቺ በታች በኩል እንገባለን። እኔ አንዲት በቅሎ ላይ ዓይኔን ጥዬ ከባለቤቷ ጋር እከራከራለሁ። ሰውዬው አልላላ ያለ እንደሆነ ጋቢዬን ከቀኝ ትከሻዬ ወደ ግራው አዛውራለሁ። ያን ጊዜ አንቺ እንደ አላፊ አግዳሚ ጠጋ ብለሽ ከንፈርሽን መጠጥ ታደርጊያለሽ። «ውይ፣ ይችን ነው የሚገዙ? ይችማ ያን ሰሞን ወንዝ መሐል ከነጭነቷ የተኛችው አይደለችም?» ትያለሽ። ባለበቅሎው ይምላል፣ ይገዘታል። እኔም «አንቺ ሴትዮ ምን አገባሽ? አላውቅሽ፣ አታውቂኝ!» ብዬ እቆጣሻለሁ። ልብ አንዴ ከተጠራጠረ ግን አይመለስም፤ ዋጋው ይወርዳል። ከገበያው ወጥተን መንገድ ላይ ስንገናኝ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂያለሽ።

መሪጌታ እዚህ ላይ ቀና ብለው አዩኝ። አዎን፣ ኃጢአት ነው። ይጻፉት።

መውጫም ነበረን። ነገር የከረረ እንደሆነ እኔ «ተዋት፣ አውቃታለሁ፣ የአገሬ ሰው ናት» እላለሁ፤ ጨዋታው በዚያው ይፈርሳል፣ በቅሎዋም ትቀራለች። ይህን ቃል ለማውጣት የደረስሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ወገዳ ገበያ አንድ ቁጡ ሰው ዱላውን አነሣብሽ። ዱላው ሳይወርድ መሐል ገብቼ «ሚስቴ ናት!» አልሁ። የአገሬ ሰው ናት እንኳ አላልሁም፤ የወጣልኝ እሱ ነው። ገበያው በሙሉ ሳቀብን። «ባልና ሚስት ሆናችሁ ልትበሉኝ ነው?» ብሎ ሰውዬው ተሳደበ። ሁለት ዓመት ወገዳ መግባት አፈርን። አንቺ ግን ያን ዕለት ባዶ እጃችንን እየተመለስን እስከ ቤታችን ድረስ እየዘፈንሽ ነው የሄድሽው። ምን ያስዘፍናታል እል ነበር።

ስለዚህ ቃሉ ጠፍቶኝ ነበር አልልም።

የመኪናው ነገር የመጣው መንገዱ ሲጠረግ ነው። በጋ በጋውን ከመካነ ኢየሱስ ደብረ ታቦር መኪና መመላለስ ጀመረ፣ የበቅሎ ዋጋ ወደቀ። እኔ መንገዱን ስረግም ከረምሁ። «የገደለን እሱ ከሆነ እሱኑ እንግዛው» ያልሽው አንቺ ነሽ። ሰው ሁሉ ያን ያሰብሁት እኔ ይመስለዋል፤ እኔም አይደለሁም አላልሁም። በቅሎዎቼን ሸጥሁ፣ አልበቃም። አንቺ ከአባትሽ የወረስሽውን ከብት አንድ ሳታስቀሪ ገበያ ነዳሽው። ሳትለመኚ። ለእኔ ከደብረ ታቦር አዲስ ጫማ ተገዛልኝ፣ አዲስ አበባ በባዶ እግር አይገባም ተብሎ። ላንቺ አልተገዛም። ማንም አላሰበው፣ አንቺም አላነሣሽው።

ገንዘቡን ለሁለት ከፈልነው። ግማሹን እኔ ታጠቅሁት፤ ግማሹን አንቺ በመቀነትሽ ጠቅልለሽ ወገብሽ ላይ ሦስት ዙር ጠመጠምሽው። «አሁን በእስቴ ከእኔ የወፈረች ሴት አለች?» ብለሽ በአውቶቡሱ ውስጥ ስትስቂ ትዝ ይለኛል። የዓባይን በረሃ ስንወርድ ዓይንሽን ጨፍነሽ ክንዴን ያዝሽኝ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ አልነገርሁሽም።

አዲስ አበባ ያሳደረን የአገራችን ሰው «እዚያ መደብር ዋጋ አይቀነስም፣ እንዳትደክሙ» አለን። እኔና አንቺ ተያየን። ዋጋ የማይቀነስበት ገበያ እግዚአብሔር አልፈጠረም ተባባልን። እኔ ቀድሜ እንድገባ፣ አንቺ ከደጅ ቆመሽ ጋቢዬን እንድታዪ ተስማማን። መደብሩ ፊቱ ሁሉ መስተዋት ነው፤ ከውጭ ሆኖ ሁሉን ማየት ይቻላል።

ገባሁ። ወለሉ ያብረቀርቃል፣ መኪኖቹ ያለ ማሰሪያ ተሰልፈው ቆመዋል፣ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ከላይ ያየናል። ሻጩ ከረባት ያሰረ ወጣት ነው። እጅ ነሣኝ። «ይግቡ ጌታዬ፣ አረፍ ይበሉ» ብሎ ወንበር ሳበልኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ። ከከተማ ሰው አፍ «ጌታዬ» ስባል ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ከኋላዋ ክፍት የሆነች፣ ጭነትም ሰውም የምትይዝ መኪና መረጥሁ። «ስንት ናት?» አልሁት። «ስምንት ሺህ ብር።» «አራት» አልሁ። ፈገግ አለ። «ጌታዬ፣ ዋጋው የተጻፈ ነው» ብሎ ከፊቷ የተለጠፈ ወረቀት አሳየኝ።

«ወረቀቱን የጻፈው ሰው ይኖር የለ? እሱን ጥራልኝ።»

«ለራስም ለደጃዝማችም ይኸው ነው ዋጋው።»

«ራስና ደጃዝማች በቅሎ ሲገዙ አይቻለሁ፤ መግዛት አይችሉበትም» አልሁት።

ዞርኋት። ጎማዋን በአዲሱ ጫማዬ መታሁ። ጎንበስ ብዬ ሆዷን አየሁ። አፏን ክፈትልኝ ብለው ከፈተልኝ፤ ውስጧ ሽቦ ብቻ ነው፣ ጥርስ የለው፣ ዕድሜዋ በምን ይታወቃል? «አዲስ ናት፣ ማንም አልነዳትም» አለኝ። «ማንም ያልጫናትን በስምንት ሺህ ብር ልሞክርልህ ነው? ለመሆኑ ዋሷ ማነው?» ብለው «ካምፓኒው ዋስ ነው» አለኝ። «የማን ልጅ ነው?» አልሁት። አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ያን ጊዜ ተጨነቀ ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ይስቅ ነበር።

እንደ ገበያችን ወግ «እንግዲያው ይቅርብኝ» ብዬ ተነሣሁ። ወገዳ ቢሆን ሦስት እርምጃ ሳልሄድ «ኧረ ና፣ ና» እባላለሁ። በሩ ደረስሁ፤ ማንም አልጠራኝም። ደፉ ላይ ዘገየሁ። ዘወር ብዬ ባይ ሻጩ ብዕሩን ይወለውላል። ምን ላድርግ? የዝንብ ጭራዬን የረሳሁ መስዬ ተመለስሁ። ጭራዬ በእጄ ነበር።

ያን ጊዜ ጋቢዬን ወደ ግራ አዛወርሁ።

ገባሽ። ውጭ እያካፋ ነበርና እግርሽ ጭቃ ነው፤ በዚያ ወለል ላይ በየእርምጃሽ ቅርጹ ቀረ። አልፈራሽም። ቀጥ ብለሽ መጥተሽ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አየሻት፣ ከንፈርሽን መጠጥሽ። «ውይ በሞትሁት! ይችን ነው? ይችን የመሰለች ሰላሌ ላይ ወገቧ ተሰብሮ አይቼ ነው የመጣሁ። ባለቤቷ አጠገቧ ተቀምጦ ያለቅሳል!» አልሽ። ወገዳ ቢሆን ይህ ቃል ብቻውን መቶ ብር ያወርዳል።

ሻጩ ግራ ገባው። ዘበኛው ግን ከበሩ ሮጦ መጣ፤ አሮጌ የወታደር ካፖርት የለበሰ፣ ትልቅ ሰው ነው። «ማን አስገባሽ አንቺ? ውጪ! ልመና በቤተ ክርስቲያን ነው!» ብሎ ክንድሽን ያዘ። አንቺ «ልቀቀኝ፣ እኔ ሰው መከርሁ እንጂ ምን አልሁ?» አልሽው። ጎተተሽ። ነጠላሽ ከራስሽ ወርዶ መሬት ነካ።

ሻጩ ወደ እኔ ዞሮ በትሕትና «ጌታዬ፣ ያውቋታል እንዴ? ከእርስዎ ጋር ናት?» አለኝ።

አንቺ አየሽኝ። ቃሉን ትጠብቂ ነበር። ነገሩ ከርሯል፣ ጨዋታው አልቋል፤ ወገዳ ላይ በዱላ ፊት ያወጣሁትን እዚያም እንደማወጣው እርግጠኛ ነበርሽ። ዓይንሽ አልፈራም ነበር። ያ ነው ዛሬ የሚያቃጥለኝ። ፈርተሽ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«አላውቃትም» አልሁ።

በዚያም አላበቃሁም። «ለማኝ ትሆናለች፣ ምስኪን» ብዬ ከኪሴ ስሙኒ አውጥቼ ዘረጋሁልሽ። ሻጩ «ደግ ሰው ነዎት» አለኝ። አንቺ ስሙኒዋን በሁለት እጅሽ ተቀብለሽ ሳምሻት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ የኔ ጌታ፣ ዕድሜ ይስጥዎ» አልሽኝ። ድምፅሽ አልተሰበረም፤ እስከ መጨረሻው ሥራሽን ሠራሽ። ወጣሽ። ዘበኛው የእግርሽን ጭቃ በጨርቅ እየጠረገ እስከ በሩ ተከተለሽ።

የመኪናዋ ግማሽ ዋጋ በመቀነትሽ ውስጥ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ተከራከርሁ። ዋጋው ከወረቀቱ አንዲት ብር አልወረደም። በመጨረሻ ሻጩ ሰለቸው ይሁን አዘነልኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ለእርስዎ ስል ትርፍ ጎማ እመርቅልዎታለሁ፤ ለማንም አይንገሩ» አለኝ። ልቤ ተነፋ። ምርቃት አገኘሁ፣ ረታሁት አልሁ። ተጨባበጥን።

የቀረውን ገንዘብ ከዘመድ ቤት አመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። ከመደብሩ ጀርባ ግንቡን ተጠግተሽ ቆመሽ አገኘሁሽ። ሳልናገር ጀርባሽን ሰጥተሽኝ መቀነትሽን ፈታሽ። ገንዘቡ በገላሽ ሞቆ ነበር። «ስንት ቀነሰ?» አልሽኝ። «ጎማ መረቀ» አልሁሽ። መቀነትሽን መልሰሽ እየታጠቅሽ «ጎበዝ» አልሽኝ።

ሾፌር ያስፈልገን ነበር። ገብሬ የሚባል፣ በመደብሩ ደጅ ሥራ ሲጠባበቅ የዋለ ሰው ቀጠርሁ። በመስተዋቱ ሁሉንም አይቷል። ከፍዬ መኪናዋን ይዘን ስንወጣ ጥጉን ዞረን «አቁም፣ ሰው አለን» አልሁት። አንቺ ስትመጪ አይቶ ወደ እኔ ዞረ። «ከኋላ ትውጣ» ብቻ አልሁት። ወጥተሽ በምርቃቱ ጎማ ላይ ተቀመጥሽ። ሻጩ አብረን ቢያየን ውሉን ያፈርሳል ብዬ ነው እል ነበር በልቤ። ገንዘቡ ተቆጥሮ ያለቀን ነገር ማን ያፈርሰዋል? በከተማው መሐል እኔ በመስኮቱ ክንዴን አውጥቼ፣ አንቺ ከኋላዬ ካፊያ እየመታሽ አለፍን።

ሱሉልታ ሜዳ ላይ አስቁሜ ወደ ፊት አስገባሁሽ። በስብሰሽ ነበር። ከነጠላሽ ጫፍ ስሙኒዋን ፈተሽ «ገንዘብዎ» ብለሽ ዘረጋሽልኝ። ተቀበልሁሽ፣ ትርንጎ። ተቀብዬ ኪሴ ከተትሁት። ጥቂት እንደ ሄድን ጎኔን ነካ አድርገሽ «አሁንስ ያውቁኛል?» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ። ገብሬ አልሳቀም።

መኪናዋ በላችን አልልም፤ አበላችን። በእሷ ሙሉን ዳርን፣ በእሷ ቤቱን ቆርቆሮ አለበስን። ዛሬ መካነ ኢየሱስ ከአንድ ሰው ጓሮ ያለ ጎማ ቆማለች፤ ዶሮ ያሳድሩባታል። ገብሬ እስኪሄድ ድረስ ለእኔ ከፍቶልኝ የማያውቀውን በር ላንቺ ወርዶ ይከፍትልሽ ነበር፣ «እሜቴ» እያለ። ይህ ሰው ለሚስቴ ምን አሽቆጠቆጠው እል ነበር። አንድ ቀን ጎማ ፈንድቶ ትርፉን ሲያወርድ እኔ በዙሪያው ለቆሙት መንገደኞች እንዴት እንዳስመረቅሁት ሳወራ ሰማኝ። ሰዎቹ ሲርቁ «ጌታዬ፣ ትርፍ ጎማማ ከየመኪናው ጋር አብሮ የሚመጣ ነው» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ያገኘሁት ምንም እንዳልነበር በዚያ ቀን አወቅሁ። ወሬዬን ግን አልለወጥሁም።

ወሬዬን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ በዳሱ የተቀመጣችሁት ሁሉ ሰምታችሁታል። በየሰርጉ፣ በየማኅበሩ «ደምሌ፣ እስቲ ያን የመኪናውን አውጋን» ትሉኝ ነበር። ሻጩን እንዴት እንዳስጨነቅሁት፣ ዋስ አምጣ እንዳልሁት አወጋችሁ ነበር። ጭራዬን የረሳሁ መስዬ መመለሴን አላወጋሁም። «ልክ ልንጨርስ ስንል አንዲት እብድ ለማኝ ገባች» እል ነበር፤ ድምፅዋን እያስመሰልሁ፣ ዘበኛው እንዴት እንደ ጎተታት በእጄ እያሳየሁ። ስሙኒ እንደ ሰጠኋትም። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ያቺ ለማኝ ማን እንደ ሆነች አንድ ሰው አያውቅም። በዚያው ቤት እንስራ አጠገብ ቆማ ጠላ ትቀዳ ነበር።

በአርባሽ ዕለት ሰው ሊያጽናናኝ ተሰብስቦ ሳለ አንዱ «ኧረ አይከፋህ ደምሌ፣ ያን የመኪናውን አውጋን» አለ። ልማድ ነው፣ ጀመርሁ። ለማኟ የምትገባበት ላይ ደረስሁና ዝም አልሁ። ሰው ይጠብቃል፣ እኔም እጠብቃለሁ። ምን እንደምጠብቅ ለራሴም አልገባኝም ነበር። ቆይቶ ገባኝ። ለካ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ስደርስ አንቺ «ጠላ ላምጣ» ብለሽ ትነሺ ነበር። ለካ እኔ አንቺ እስክትወጪ ድረስ ትንሽ አረፍ ብዬ ነበር የምቀጥለው። ያን ሁሉ ዓመት፣ በየጊዜው፣ ማሰሮው ሞልቶም ሳለ ትወጪ ነበር። እኔም አውቄ አላወቅሁም። በአርባሽ የሚነሣ ሰው አልነበረም። ወሬውም ከአፌ ደረቀ። ሰዎቹ ኀዘን ነው አሉ፤ ተዉኝ።

የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድሁ። በስተርጅና ልንቆርብ ስንል ንስሐ የገባሁ ዕለት «ሌላስ?» ብለውኝ «የለም አባቴ» ብያቸው ነበር። አንቺ ደጅ ትጠብቂኝ ነበር፤ ስወጣ ፊቴን አየሽ፣ ምንም አልጠየቅሽኝም። ያን ጊዜ ንግድ ነው እንጂ ኃጢአት አይመስለኝም ነበር። አሁን ነገርኋቸው። ስግደት አዘዙልኝ፤ በዚህ ጉልበቴ ሰገድሁ። አልቀለለኝም። የካድሁሽ በሰው ፊት ነው፣ ያሳቅሁብሽም በሰው ፊት ነው። ለአንድ ቄስ በጆሮው ተናግሮ እንዴት ይወጣል?

አሁንም እውነቱን ሁሉ አልተናገርሁም። መሪጌታ፣ ቀለም ይጨምሩ።

ለዋጋው ብዬ አይደለም የካድሁሽ። ዋጋው እንደማይወርድ ከበሩ ስመለስ ገብቶኛል። ሻጩ «ያውቋታል?» ሲለኝ ጫማዬን አየሁ፤ ከዚያ እግርሽን አየሁ። ቅቤ የጠጣውን ጸጉርሽን፣ የተሰነጠቀውን ተረከዝሽን፣ ጭቃውን። ልጆቼን ያዘለውን ጀርባሽን እነዚያ ሰዎች በሚያዩበት ዓይን አየሁት። ጌታዬ ተብዬ ነበር፣ ትርንጎ። ሻይ ቀርቦልኝ ነበር። ሚስቴ ናት ብል ወንበሩን ከሥሬ የሚስቡት መሰለኝ። በአባትሽ ከብት ዋጋ ልገዛ ተቀምጬ አንቺን አፈርሁብሽ። አንቺም ይህን አውቀሽው ነበር። ወገዳ ላይ ለምን እንደ ዘፈንሽ የገባኝ ይህ ከገባኝ በኋላ ነው።

ሙሉ ትናንት መሪጌታን ሳስጠራ ጠርጥራ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። አለቀሰች። «አባዬ፣ እማዬን በሰው አፍ አይክተቷት። እርስዎም በእርጅናዎ መሳቂያ አይሁኑ፤ የልጅ ልጆችዎ በዚህ አገር ይኖሩ የለም?» አለችኝ። ጠንካራ ነገር ነው የተናገረችው። አንድ ሌሊት ሙሉ አሰብሁት። በዚህ አገር ያለኝ ስም ነው፤ ዓይናማ ነጋዴ፣ አዲስ አበባን የረታ ሰው። እሱ ከተወሰደ የሚቀረኝ ጉልበት የሌለው ሽማግሌ ነው። ግን ያ ስም ካንቺ የተወሰደ ነው። ላንቺ ሳልመልሰው ብሞት ወዲያ ማዶ ስታገኚኝ ምን ብዬ ቀና እላለሁ? ለሙሉ «ተይኝ ልጄ፣ በእናትሽ የሳቀ በእኔ ይሳቅ» አልኋት። አሁን ደጅ ሆና ጌሾ ትወቅጣለች፤ ሙቀጫውን ስትመታው ገና እንዳልታረቀችኝ ይሰማኛል።

ቅዳሜ ይህ ሲነበብ እኔ አልቀመጥም። ምርኩዜን ይዤ በዳሱ ምሰሶ አጠገብ እቆማለሁ፤ የሚያየኝ ይየኝ፣ የሚስቅም ይሳቅ። ከእንግዲህ «የመኪናውን አውጋን» የሚለኝ ቢኖር አወጋዋለሁ፤ እንዲህ ተጽፎ እንዳለው፣ ከነወገዳው፣ ከነመቀነትሽ፣ ከነሱሉልታው ዝናብ። በየዓመቱ ቀንሽ በመጣ ቁጥር ይነበብ ብያለሁ። እኔ ካለፍሁ ሙሉ ታስነብበዋለች፤ ያን ጊዜ ቁጣዋ ይበርድላት ይሆናል። ሰው ሞቶበት ጥሩ ጥሩውን ብቻ የሚያነሣ ሞልቷል። እኔ አንቺን የማስታውስሽ በዚህ ነው፣ የሚጎዳኝንም ጨምሬ። ሌላ የምሰጥሽ የለኝም።

መሪጌታ ከሥሩ ማን ተብሎ ይጻፍ አሉኝ። መኪናዋን ከገዛን ወዲህ አገሩ «ነጋድራስ ደምሌ» እያለ ይጠራኛልና እሱን ሊጽፉ ብዕሩን አነሡ። አይሆንም አልሁ። «ደምሌ» ልበል? አሉኝ። እሱም ይቅር። ቅዳሜ የሚሰማው ሁሉ፣ ያ ሻጭ በሕይወት ካለ እሱም፣ ያ ዘበኛም እንዲያውቁት አንድ ነገር ብቻ ይጻፉ አልኋቸው። ጻፉት። አነበቡልኝ። ደግመው እንዲያነቡልኝ ጠየቅኋቸው።

የትርንጎ ባል።